ሀዋሳ ከጓደኞች ጋር፦ ማታውን ተዉት፣ ጠዋቱን ያዙ

ሀዋሳ ሄዶ የመጣ ሰው የሚያወራው ስለ ማታው ነው። ሙዚቃው፣ ቢራው፣ የሐይቅ ዳሩ ንፋስ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደዚያው ነበርኩ። አምስት ሆነን ሄደን ሌሊቱን ስንጨፍር አነጋንና፣ እሁድ 5 ሰዓት ላይ ዓይናችንን እያሸን የአሳ ገበያው አሞራ ገደል ስንደርስ ጥሩ ጥሩው አሳ አልቆ ሰዎቹ ጣውላቸውን እያጠቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ሀዋሳ የጠዋት ከተማ ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የት እንደምትሆኑ ወስኑ፣ ሌላው ራሱ ይደርሳል።

ከመነሳታችሁ በፊት የገንዘቡን ነገር ጨርሱት። ሁሉም እኩል ያዋጣ፣ በቴሌብር ለአንድ ሰው ይላክ፣ ምግቡም ባጃጁም ከዚያው ይከፈል። አለበለዚያ ሒሳብ በመጣ ቁጥር «በሞቴ እኔ ልክፈል» እየተባለ ትግል ይጀመራል። ሲመለሱ ደግሞ ሁለቱ በሆዳቸው ቂም ይዘው ነው የሚመለሱት። ገንዘብ ያዡ ደግሞ የቡድኑ ቋጣሪ ይሁን። ቸሩን ልጅ ከመረጣችሁ ቅዳሜ ማታ ባዶ ናችሁ።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርብ ከሥራ በኋላ እንውጣ የሚል ሰው አይጠፋም፣ አትስሙት። በጨለማ ከከባድ መኪናና ከከብት ጋር እየተጋፉ መንዳት ምኑም ፈታ ማለት አይደለም። ቅዳሜ በማለዳ ውጡ። በአውቶቡስ የምትሄዱ ቃሊቲ መናኸሪያ ነው። መኪና ያላችሁ በሞጆ በኩል ፈጣን መንገዱን ይዛችሁ ባቱ ላይ ቁርስ ብሉ። ሻሸመኔን ካለፋችሁ የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ማደሪያ ሐይቁ ዳር ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው፣ ብስክሌት የሚነዳውም ብዙ ነው፤ መሀል ገብርኤል አካባቢ ብታድሩም ባጃጅ ሐይቁ ዳር ለማድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ለአዳር የምታተርፉትን ለአሳ አውሉት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ግን ሌላ ነገር ነው። የገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ምዕመን ስለሚያመጣ ቀድሞ ያልያዘ ሰው አልጋ አያገኝም። የሲዳማው አዲስ ዓመት ፍቼ ጨምበላላም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሽማግሌዎች ኮከብ ቆጥረው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ እሱን አስቀድማችሁ አጣሩ። ከገጠማችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ጉዱማሌ ሜዳ ላይ የሚወጣው ሕዝብና ጭፈራ ሌላ ጊዜ አይገኝም፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 መዝግቦታል።

ቅዳሜ ከሰዓት አትሩጡ። ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሂዱ፣ ዳር ዳሩን ተራመዱ፣ ቡና ጠጡ። ጀልባውን ለጠዋት አቆዩት፤ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋ ስትነጋገሩ ደግሞ አንዲት ጥያቄ እንዳትረሱ፣ «በሰው ነው በጀልባ?» እኛ ሳንጠይቅ ተሳፈርን። መሀል ሐይቅ ላይ ጉማሬ እያየን ስንደሰት ቀዛፊው ፈገግ ብሎ «በሰው ነው ያልኳችሁ» አለን። ጉማሬ እያየህ ምን ብለህ ትከራከራለህ? አምስት እጥፍ ከፈልን። ዋና ግን ይቅርባችሁ፣ ከጉማሬው ሌላ ቢልሃርዚያም አለ።

ማታ በጊዜ ተኙ። አውቃለሁ፣ ማንም አይሰማኝም።

እሁድ 12 ሰዓት አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ሌሊቱን ያደረ መረብ ይዘው ይገባሉ። አሳው መሬት ላይ ሲዘረገፍ አንዳንዱ ገና ይንፈራገጣል። አንድ ልጅ ጣውላው ፊት ቁጭ ብሎ ቆሮሶውን በጅራቱ ይይዛል፣ ቅርፊቱን በቢላ ይገፋል፣ ጎኑን ይሰነጥቃል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ እንደ ጨርቅ ገፎ ያወጣዋል። ዓይኑ ቢላው ላይ አይደለም፣ ከጓደኛው ጋር ስለ ኳስ እያወራ ነው። ከኋላው አባ ኮዳ ቆሟል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ቁመቱ ለልጅ የሚተካከል ወፍ። ልጁ አንጀቱን ወደ ኋላ ሲወረውር ሳያይ ነው፣ ወፉም መሬት ሳይደርስ ይቀልበዋል። ይህን ለማየት ብቻ በጠዋት መነሳት ያዋጣል።

እዚያው ጥሬ አሳ በዳጣ ይበላል። ዳጣው ያቃጥላል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ጥሬው ግን ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል፣ ሎሚ ስለተጨመቀበት አይሞትም። ሆዱን የሚፈራ ጥብሱን ይዘዝ፤ ጎኑ በቢላ የተሰነጣጠቀ ሙሉ ቆሮሶ፣ ቆዳው ኩርሽም የሚል፣ ከዳጣው ጋር። ሾርባውን ግን ማንም እንዳያልፈው፣ በተለይ ማታ ሲጠጣ ያመሸ። ጉላሽና ኮተሌት አዲስ አበባም አለ። አምስት ከሆናችሁ አምስት ሳህን አትዘዙ፣ ሁለት ጥብስ፣ ሾርባ ደግሞ ለሁለት ሰው አንድ፣ ካነሰ ይጨመራል። ከመሀላችሁ ጿሚ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁት። አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ገበታ ላይ ከተጀመረ ሾርባው ይቀዘቅዛል።

እዚያው አሞራ ገደል ፓርኩ ውስጥ ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ናቸው፣ ጨዋዎች። ጦጣዎቹ ግን ሌቦች ናቸው። ሙዝ በእጅ ይዞ መግባት ራስን ማስዘረፍ ነው፣ ስልካችሁንም አጥብቃችሁ ያዙ።

ከቁርስ በኋላ ፀሐዩ ሳይከር ታቦር ተራራ ውጡ። ረጅም አይደለም፣ ግን ላብ ያወጣል። ከላይ ሐይቁ በአንድ ወገን፣ ከተማዋ በሌላው ወገን ተዘርግታ ትታያለች። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ እንጂ ለብቻ፣ ያውም ሲመሽ፣ አልመክርም። ሲወርዱ ምሳ ቡርሳሜ ይሁን። ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ የሲዳማ ምግብ ነው፣ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፣ እርጎ ከጎኑ ካለ ሌላ አትፈልጉም። ብዙ ሆቴል ሜኑው ላይ ስለማይጽፈው አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ። ቅቤው ከባድ ስለሆነ ሻፌታው ለሦስት ይበቃል።

7 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ሳይመሽ ትገባላችሁ። ለቤት የሚሆን ቲማቲምና ሽንኩርት መቂ ላይ መንገድ ዳር አለ። አሳ ግን በአውቶቡስ አትጫኑ። አንዱ ጓደኛችን ለእናቱ ብሎ ሁለት ኪሎ በፌስታል ቋጥሮ ከወንበሩ ሥር ከተተው። ሞጆ ስንደርስ ረዳቱ እያሸተተ መተላለፊያውን ይመላለስ ጀመር። ጓደኛችን በመስኮት ሞጆን እያየ ነበር፣ እኛም አብረን አየናት።