ወዲያም ወዲህም የሚሮጥ አጥቂ ስንመዝን የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ማታ ኳስ የማየው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዳር ባለ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ አግዳሚዎቹ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ናቸው። ጨዋታው አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካልደረስክ ቆመህ ነው የምታየው። መሃል ከተማ ውሎ የሚመጣው ሰው ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ይዞት ይቆይና ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይደርሳል። ከበሩ ላይ ሆኖ "ስንት ለስንት?" ይላል።

እዚያ ቤት አርሰናል ካይ ሀቨርትዝን ከቼልሲ ካመጣበት ከ2023 ጀምሮ ያልበረደ ክርክር አለ። ቡድኑ ሲያጠቃም ሲጠቃም የማይጠፋ፣ ጎል ግን እንደ ሌሎቹ የማያበዛ አጥቂ ዋጋው ስንት ነው? "ጎል ካላገባ ምኑ አጥቂ ነው?" የሚለው ወገን ድምፁ ይጎላል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ጨለማ ውስጥ የሚሰማው የእነሱ ድምፅ ነው። እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ መጀመሪያ ላይ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። አሁን ግን እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ሲሰደብ ያንገበግበኛል። ክርክራችን ውስጥ የሚደጋገሙትን ስህተቶች የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ጎል ብቻ መቁጠር

የተለመደው ስህተት ይኼ ነው። የጎል አግቢዎች ዝርዝር ይወጣል፣ የተጫዋቹ ስም ታች ይገኛል፣ በቃ ተፈረደ።

ሊቨርፑል ከ30 ዓመት በኋላ ሊጉን ያነሳበትን የ2019/20 ውድድር አስታውሱ። ቡድኑ 99 ነጥብ ሰበሰበ። በሊጉ ሳላህ 19፣ ማኔ 18 ጎል አገቡ። በሁለቱ መሃል የነበረው ሮቤርቶ ፊርሚኖ ያገባው 9 ነው። ቁጥሩን ብቻ ካየህ ሦስተኛው ሰውዬ ሸክም ይመስልሃል። ጨዋታውን ካየህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊርሚኖ ወደ መሃል ሜዳ ወረድ ይላል። የተቃራኒው ተከላካይ ይጨነቃል፤ ልከተለው ወይስ ልቅር? ከተከተለው ጀርባው ባዶ ይሆናል፣ ሳላህና ማኔ ይገቡበታል። ከቀረ ደግሞ ፊርሚኖ ተረጋግቶ ዞሮ ያቀብላል። ኳስ ስትነጠቅም መጀመሪያ የሚያሳድደው እሱ ነው። ይህ ሁሉ 9ኙ ጎል ውስጥ የለም። 19ኙና 18ቱ ውስጥ ግን አለ።

ኳሷን ብቻ ማየት

እኛ ቤት የፊተኛው አግዳሚ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት አሉ። የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ምሽት ሀቨርትዝን ስሰድብ ሰሙኝና "ልጄ፣ እስቲ አሥር ደቂቃ ኳሷን ተዋት። እሱን ብቻ እየው" አሉኝ። ደስ አላለኝም፤ ግን ጋሼን እምቢ አይባልም።

ያየሁት ይኼ ነው። የተቃራኒው መሃል ተከላካይ ኳስ ይዟል። 29 ቁጥር ለባሹ ሀቨርትዝ ወደ እሱ ሮጠ። ቀጥ ብሎ ግን አይደለም፤ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ መንገድ ይዞ ከጎን ነው የመጣው። በዚህ መንገድ ሲመጣ ከጀርባው ያለው አማካይ ይሸፈናል። ሌላኛው ተከላካይ ጋር የሚወስደው ቅብብልም ይዘጋል። ኳስ የያዘው ልጅ ቀና ብሎ አየ፣ የሚሰጠው ሰው አጣ፣ ለበረኛው መለሰ። በረኛው ቸኩሎ ረጅም ለጋ። የእኛ ተከላካይ በግንባሩ መለሳት፤ አማካያችን ራይስ ተቀበላት፤ ጥቃት ተጀመረ። ቤቱ በሙሉ "ራይስ!" ብሎ ጮኸ። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉም።

ካሜራው የሚከተለው ኳሷን ነው። ስለዚህ ቲቪ ላይ የዚህ ዓይነት አጥቂ ሥራ ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ሆን ብለህ ካልፈለግከው አታየውም። ከእያንዳንዱ አጋማሽ አሥር ደቂቃ ለአንድ ተጫዋች ስጡ። ትከሻው ወዴት እንደዞረ፣ ኳስ ከመነጠቋ በፊት የት እንደቆመ ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ይሰለቻል። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ግን ሌላ ኳስ የምታዩ ይመስላችኋል።

ብዙ የሮጠ ሁሉ ተከላከለ ማለት

ይኼ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። ላብ ያየ ደጋፊ ያጨበጭባል። ግን ዘግይቶ የተጀመረ ሩጫ ቡድንን ይከፍታል፤ እሱ ይሄዳል፣ ከኋላው ያሉት አልተከተሉትም፣ በአንድ ቅብብል ይታለፋል። ልክ የሆነውን ማየት የሚፈልግ ሰው በ2010 ማንቸስተር ዩናይትድ ኤሲ ሚላንን ኦልድ ትራፎርድ ላይ 4 ለ 0 ያሸነፈበትን ምሽት ያስታውስ። ፓርክ ጂ ሱንግ የተሰጠው ሥራ አንድሪያ ፒርሎን እንደ ጥላ መከተል ነበር። ሚላን ጨዋታውን የሚጀምረው በፒርሎ እግር ነው፤ ያንን ምንጭ አደረቀው። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንዷን ጎል ያገባውም እሱ ነው። የዩናይትድ ደጋፊዎች በዚህ ቢኮሩ አይፈረድባቸውም።

"ሁለገብ" የሚለውን ቃል ማምታታት

ሁለገብ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለን ነው። አንዱ ብዙ ቦታ መጫወት የሚችል ነው። ሌላው በአንድ ጨዋታ፣ በአንድ ቦታ ሆኖ ሁለት ሥራ የሚሠራ ነው። ጆን ኦሼይ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በ2007 ቶተንሃም ሜዳ ላይ የዩናይትድ በረኛ ሲጎዳና ቅያሪ ሲያልቅ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆሟል። ፊርሚኖ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሁለቱንም የያዘ ሰው ብርቅ ነው።

ከእኛ ልጆች አዳነ ግርማ ትዝ ይለኛል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነበር። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ናት። በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። በ10 ሰው ስትጫወት የአጥቂና የተከላካይ ልዩነት ይጠፋል፤ ሁሉም ይወርዳል፣ ሁሉም ይወጣል። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ አዳነ አቻ የምታደርገንን ጎል አገባ። እኛ ሰፈር ያን ዕለት የነበረውን ጩኸት አሁን ሳስበው እንኳ ይነዝረኛል።

ወርዶ መከላከልን እንደ ውርደት ማየት

"እሱን የሚያህል አጥቂ ተከላካይ አደረጉት!" ይባላል። ይህን ለሚል ሰው ሳሙኤል ኤቶን ነው የማነሳበት። ኤቶ በ2009 ከባርሴሎና ጋር ሦስት ዋንጫ በልቶ፣ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ጎል አግብቶ ወደ ኢንተር ሄደ። በዓመቱ፣ በ2010 ግማሽ ፍጻሜ፣ ካምፕ ኑ ላይ ከቀድሞ ቡድኑ ጋር ተገናኘ። ኢንተር የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳው 3 ለ 1 አሸንፎ ነው የመጣው። 28ኛው ደቂቃ ላይ ቲያጎ ሞታ በቀይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ኤቶ ያሳለፈው እንደ መስመር ተከላካይ ሆኖ ነው። ያ ሁሉ ጎል ያገባ ሰው፣ የራሱ ቡድን የግብ ክልል ጫፍ ላይ ቆሞ የባርሴሎናን የመስመር ተጫዋቾች ያሳድድ ነበር። ኢንተር 1 ለ 0 ተሸነፈና በድምር አለፈ። ፍጻሜውን በዲዬጎ ሚሊቶ ሁለት ጎሎች አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኤቶ ለአራተኛ ጊዜ የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

እኔ ያን ጨዋታ ያየሁት ተማሪ ሆኜ ነው፤ ያኔ ለኤቶ አዘንኩለት። ዛሬ ሳስበው ከጎሎቹ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ያንን አንድ ሰዓት ነው።

ጎል ሲገባብን ሜዳ ላይ ስለነበር እሱን መውቀስ

ይህን ስህተት በደንብ የተረዳሁት በኳስ አይደለም፤ በበረዶ ሆኪ ነው። የአክስቴ ልጅ ካናዳ፣ ኤድመንተን ይኖራል። ስለ ሀቨርትዝ ስንጨቃጨቅ በቴሌግራም ረጅም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። "እኛ ጋ እኮ ለዚህ ዓይነት አጥቂ ራሱን የቻለ ሽልማት አለ" አለኝ። እውነቱን ነው። የሰሜን አሜሪካው ሊግ ከ1978 ጀምሮ በመከላከል ሥራው ለላቀ አጥቂ የሰልኪ ዋንጫን ይሰጣል። የቦስተኑ ፓትሪስ በርዥሮን 6 ጊዜ ወስዶታል። በኳስ እንዲህ ያለ ታዋቂ ሽልማት የለም፤ ቢኖር ክርክራችን ግማሹ ይቀል ነበር።

በሆኪ ከበረኛው ሌላ አምስት ሰው ነው በረዶው ላይ የሚገባው። ሥራው አድካሚ ስለሆነ አንድ ሰው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ይቀየራል፣ ትንሽ አርፎ ይመለሳል። አሰልጣኙ ታዲያ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም ይመርጣል። የተቃራኒው ምርጥ አጥቂ ሲገባ ያ ሁለት ሥራ የሚችለው ሰው ይላካል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ደግሞ የሚያዝ የመደመርና የመቀነስ ሒሳብ አለ። አንተ ገብተህ ሳለ ቡድንህ ካገባ ትደመራለህ፣ ከገባበት ትቀነሳለህ። ችግሩ ሁልጊዜ ከምርጦቹ ጋር የሚገጥመው ሰው ከደካሞቹ ጋር ከሚገጥመው እኩል መቆጠሩ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቡድን፣ ኤድመንተን ኦይለርስ፣ በ2024 ፍጻሜ ደርሶ ከፍሎሪዳ ጋር ተገናኘ። የኦይለርሱ ኮከብ ኮነር ማክዴቪድ በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ 132 ነጥብ ነበረው። የፍሎሪዳው አምበል፣ ፊንላንዳዊው አሌክሳንደር ባርኮቭ፣ 80 ነበረው። በቁጥር ከሄድን ንጽጽርም የለም። የፍጻሜውን ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ግን ፍሎሪዳ 2 ለ 1 አሸነፈና ዋንጫውን ባርኮቭ አነሳ። በዓመቱም ያንኑ ኤድመንተንን አሸንፎ ደገመው። የሰልኪ ሽልማትንም በሁለቱም ዓመት ወስዷል። የአክስቴ ልጅ ማክዴቪድን እንደ ነፍሱ ይወደዋል። እንዲያም ሆኖ "ያን ፊንላንዳዊ ባንጠላው ኖሮ እንወደው ነበር" አለኝ።

ኳስም ላይ ያው ነው። ሀቨርትዝ ባለበት ጨዋታ ጎል ከገባብን፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አሰልጣኙ ምን ሥራ ሰጥቶት ነበር የሚለው ነው።

ከልክ አልፎ ማሞገስ

ክርክሩን ለማሸነፍ ብለን ጎል መሳትን ሙያ ማድረግ የለብንም። ባዶ ጎል የሳተ አጥቂ ስቷል፤ "ግን እኮ ፕሬስ አድርጓል፣ ተከላካዮቹን አሳድዷል" ማለት ሽፋን ነው። ደግሞም ሀቨርትዝ በመጀመሪያው ዓመቱ በሊጉ 13 ጎል አግብቷል፤ ያለ ጎል የሚኖር ሰው አይደለም። ስለተከፈለበት ወደ 65 ሚሊዮን ፓውንድ የሚነሳውን ነገር አልገባበትም። ዋጋውን የተደራደረው እሱ አይደለም።

ሲቀር አለማየት

እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ጎልቶ የሚታየው በሌለበት ቀን ነው። በየካቲት 2025 ሀቨርትዝ ዱባይ ላይ በልምምድ ታፋውን ተጎዳ። አርሰናል አጥቂ አጥቶ አማካዩን ሜሪኖን ፊት ላይ አሰለፈ። ሜሪኖ ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ጎል ሲያገባ ቤታችን ጨፈረ። "አየህ፣ ማንም ይሠራዋል!" ተባልኩ። ለሜሪኖ እኔም ጨፍሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ጎል እንቢ ያለበት አንድ ምሽት መጣ። የተቃራኒው አማካይ ኳስ ይቀበላል፣ ይዞራል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ያቀብላል። ደግሞ ይቀበላል፣ ደግሞ ይዞራል። የሚደርስበት የለም። ቤቱ ዝም አለ። ጋሼ ከዘራቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው "ይሄን ሰውዬ ማን ነበር የሚዘጋው?" ብለው ጠየቁ።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላ፣ ያ ሁልጊዜ "ምኑ አጥቂ ነው?" የሚለው ልጅ "29 ቁጥር" አለ።