ተራራ መንገድ ላይ ናዳና መንሸራተት፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ይህን የምጽፈው ለጥገና ፎርማኖች፣ ለሰርቬየሮችና ለማሽን ኦፕሬተሮች ነው። ትራፊክ ማስቆምና ሄልሜት ማድረግን ስለምታውቁት አልደግመውም። ምሳሌዬ በአብዛኛው ዓባይ በረሃ ነው፤ ከጎሃ ጽዮን ወንዙ ድረስ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ። ሊማሊሞ፣ ጣርማ በር ወይም ከአላማጣ ወደ ኮረም በሚወጣው ዳገት የምትሠሩም እነዚህን ምልክቶች ታገኟቸዋላችሁ።

ጠዋት አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተገኘ

መጀመሪያ ድንጋዩ የወደቀ መሆኑን አረጋግጡ። ዳገት ላይ መኪና የተበላሸበት ሾፌር ጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፋል፤ ሲነሳለት እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ይህ ልማድ ሰው ይገድላል፤ ሾፌሮች፣ እባካችሁ ወርዳችሁ አንሱት። ከላይ የወደቀ ድንጋይ አስፋልቱን ወግቶት ጠባሳ ይተዋል፣ አንዱ ጎኑም ያልጠቆረ ትኩስ ስብራት ነው።

የወደቀ ከሆነ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አፈር ታጥቦ፣ ጠንካራው ዓለት ያለ ደጋፊ መቅረቱ ነው። የላላውን በዲጅኖ አራግፉ፤ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ በገመድ ታስራችሁ። ከታች ቆሞ መነቅነቅ ፈጽሞ አይቻልም። በግርጌው ያለውን ቦይም አጽዱ። ቦዩ ባዶ ሲሆን ድንጋዩን ይውጠዋል፤ በፍርስራሽ ሲሞላ ግን መንደርደሪያ ሆኖ ድንጋዩን ወደ መኪናው ያነጥረዋል። የሽቦ መረብ ካለ፣ ግርጌው ላይ የተጠራቀመውን ድንጋይ በየጊዜው አውጡ፤ ክብደቱ መረቡን ከነማሰሪያው ይነቅለዋል።

አስፋልቱ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተሰንጥቆ ወደ ገደሉ ጎን ሰመጠ

ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የገጠመኝ ይህ ነው። ቀጥ ያለ ስንጥቅ የአስፋልት እርጅና ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ገደሉ የታጠፉ ስንጥቅ ግን መሬቱ ራሱ እየሄደ ነው ማለት ነው።

መንስኤው ውሃ ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ውሃ ሲነካው የሚላላ፣ ሼል የሚባል የሸክላ ድንጋይ፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ። ከላይ ተንዶ የወረደው ፍርስራሽ በዚህ በሚላላው ድርብርብ ላይ ተኝቷል፤ መንገዱም በብዙ ቦታ ፍርስራሹ ላይ ነው የተሠራው። የሐምሌና የነሐሴ ውሃ በፍርስራሹ ሰርጎ ሼሉ ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣና ያሟልጨዋል። ጥልቅ መንሸራተት ብዙ ጊዜ ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም ላይ የሚብሰውም ውሃው እስኪሰርግ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። «ክረምቱ ወጣ» ብላችሁ ክትትሉን አታቁሙ።

አንድ ቦታ በየዓመቱ እየሰመጠ፣ በየዓመቱ አስፋልት እየተጨመረበት ደልዳላ ይደረግ ነበር። በኋላ ጉድጓድ አስቆፍሬ ስገባበት የአስፋልቱ ንብርብር ብቻ ከጉልበቴ አለፈ። የሚንሸራተተው መሬት አናት ላይ በየዓመቱ ክብደት ሲጫን ኖሯል ማለት ነው። ጥገና ተብሎ የተሠራው ሥራ ናዳውን ይገፋው ነበር። ከ20 እርምጃ በላይ ሳንሄድ ደግሞ የውሃው መግቢያ ተገኘ፤ በተራራው ጎን ያለው የግንብ ቦይ ወለሉ ተሰንጥቆ፣ ጎርፉ መንገዱን ሥር ለሥር የሚያሻግረው ቱቦ ጋ ሳይደርስ መንገዱ ሥር ይገባ ነበር። ቦዩን ለመድፈን ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ በቂ ነበር።

ስለዚህ አስፋልት ከማዘዛችሁ በፊት ውሃውን ፈልጉ። ፀሐይ ላይ አይገኝም፤ ጃንጥላ ይዛችሁ በዝናብ ውጡ። ቦዩ ውስጥ የገባው ውሃ ሁሉ በቱቦው መውጣቱን ተመልከቱ። ቱቦው ከሚፈስበት በታችም ውረዱ፤ መውጫው ላይ የድንጋይ ንጣፍ ከሌለ ውሃው ገደሉን እየቦረቦረ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ከስንጥቁ በላይ ያለውን ተዳፋትም እዩ። ውሃ የሚያቁር እርከን ካለ ከገበሬው ጋር ተነጋግራችሁ ወደ መቀልበሻ ቦይ ዝቅ እንዲል አድርጉት። እርከን ለእርሻ መልካም ነው፤ ሊናድ በደረሰ መሬት አናት ላይ ግን ውሃ መያዝ የለበትም።

ገበሬውን ጠይቁ ስል ከልቤ ነው። በደጀን በኩል አንድ ስንጥቅ ስንለካ የሰነበትን ጊዜ፣ በሬ የሚነዱ ሽማግሌ ቆመው አዩንና «ልጄ፣ ምንጩ እኮ ሄደ» አሉኝ። የት? ከላይ ማሳቸው ጥግ ይፈልቅ የነበረው ምንጭ ከሁለት ዓመት በፊት ደርቆ፣ ከመንገዱ በታች ደፍርሶ መውጣት ጀምሯል። ያን ሁሉ ጊዜ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የደረቀ ምንጭ፣ ቦታ የቀየረ ምንጭ፣ የደፈረሰ ምንጭ፣ ሦስቱም ከስንጥቅ ይቀድማሉ። የዘመመ የመብራት እንጨትም እንዲሁ።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ይህ ነው። ስንጥቁን በዚያው ቀን በሬንጅ ወይም በተጠቀጠቀ ጭቃ ድፈኑ፣ ዝናብ አይግባበት። ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ችካል ተክላችሁ በየቀኑ በሜትር ለኩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ልዩነቱ ከትናንቱ ዛሬ፣ ከዛሬው ነገ እየሰፋ ከሄደ መንገዱን ዝጉ፤ የአለቃ ስልክ አትጠብቁ። ቀጥሎ የላይኛው መቀልበሻ ቦይ፣ ከዚያ የጎን ቦዩ ጥገና። ውሃው ጥልቅ ከሆነ ባለቀዳዳ ቱቦ ወደ ተራራው ውስጥ ተሰርስሮ ይገባል፤ ውሃው ወደ ውጭ እንዲፈስ ውስጠኛው ጫፉ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ተዘቅዝቆ የገባ ቱቦ አይቻለሁ። ውሃ ወደ ናዳው ያስገባል። ድጋፍ ግንብ የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጋቢዮኑ አበጠ

ጋቢዮን ድንጋይ የተሞላ፣ መሬት የሚደግፍ የሽቦ ሳጥን ነው። ካበጠ የተሞላው ድንጋይ ትንሽ ነው ወይም ሽቦው ቀጭን ነው። ለመረቡ 2.7 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ ሽቦ እየተጻፈ ቀጭኑ ይመጣል፤ መለኪያ ይዛችሁ መጋዘን በር ላይ ለኩ፣ ከተሠራ በኋላ ማንም አይመልስላችሁም። የመረቡ ዓይን 8 በ10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ከዚያ ያነሰ ጠጠር በአካፋ የሚሞላ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት። ድንጋይ በእጅ ነው የሚደረደረው። ከፊትና ከኋላ የሚያያይዘው የውስጥ ሽቦ ተዘሎ ከሆነም ያብጣል። ከጀርባው ጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ፣ ከሌለ ደግሞ አፈሩ በድንጋዩ መሃል ይታጠብና ከበላዩ ያለው መሬት ይሰምጣል። መሠረቱ በሚንሸራተተው መሬት ላይ ካረፈ ግን የቱንም ያህል ቢሠራ አብሮ ይሄዳል።

ናዳው ሲጠረግ እንደገና ወረደ

ሎደሩ ግርጌውን ስለቆረጠው ነው። የወረደው አፈር የላይኛውን ደግፎ ይዞታል። ዝናብ ላይ አንድ መስመር ብቻ ክፈቱ፤ የቀረው ሲደርቅ፣ ከአናቱ ጀምሮ ይነሳ። ጠራጊውም አፈሩን ወደ ገደሉ አይድፋ፤ በታች ያለውን ተዳፋት ይጭነዋል፣ የቱቦውንም መውጫ ይቀብረዋል። ገልባጭ አምጥታችሁ አርቁት።

በዚህኛው ላይ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ካለቁባቸው ናዳዎች ሁለተኛው የወረደው በመጀመሪያው የተቀበሩትን ለማውጣት በሚቆፍሩት ላይ ነበር። ማሽን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሰው ከጎን ባለ ጽኑ መሬት ላይ ቆሞ አናቱን ብቻ ይመልከት። ፊሽካ ይያዝ፤ ሲነፋ ሁሉም ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ይነገረው። ማታ አትሥሩ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ከግርጌ ድንጋይ ወይም አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች፦ ከቀበሌው ጋር ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው። የቬቲቨር ሳር ተተክሎም የሄደ መሬት፦ ሥሩ የላይኛውን አፈር ይይዛል እንጂ ጥልቁን ናዳ አይደርስበትም። የመሬት መንቀጥቀጥ፦ በማግስቱ ገደሉን ከላይ ዞራችሁ እዩ። ፈንጂ የተተኮሰበት አዲስ ቆረጣ፦ የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ በየሳምንቱ አራግፉ።