ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ እያሳደጉ የጓሮ አትክልት እንዴት መጀመር ይቻላል?

ኦቲዝም ወይም ሌላ የእድገት እክል ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት «እስቲ ትንሽ ዕረፊ» ስትባል መልሷ «ልጁን ማን ይዞልኝ?» ነው። የጓሮ አትክልት ለእንዲህ ያለ ቤት የሚስማማው ከደጅ ሳይርቁ፣ ልጁም ከዓይን ሳይጠፋ፣ በሩብ ሰዓት የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ነው። ብቻ መሃል ላይ ጥሎ ለመሮጥ እንዲመች ሆኖ ይዘጋጅ። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች ሁሉ ይህንኑ ታሳቢ ያደረጉ ናቸው።

1. ቦታ ምረጡ
ለቅጠላ ቅጠል በቀን አራት አምስት ሰዓት ፀሐይ ይበቃል። ጓሮ ከሌላችሁ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ይሆናል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ግን መትከያውን ከመከላከያው ብረት አታስጠጉ፤ መንጠላጠል የሚወድ ልጅ መወጣጫ ያደርገዋል። ወደ ቤቱ ግድግዳ ይጠጋ። ልጁ ዊልቸር የሚጠቀም ከሆነ ጉልበቱ ከሥር የሚገባበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

2. አፈሩን አዘጋጁ
የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቁረጡና ጠርዙን በእሳት አለስልሱት፤ ከታች ውኃ ማውጫ ብሱለት። የቀለም ወይም የኬሚካል ዕቃ አይሁን። ሁለት ጣሳ አፈር፣ አንድ ጣሳ የቆየ ፍግ፣ አንድ ጣሳ አሸዋ ቀላቅሉ። ጥቁር አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አሸዋና ፍግ ጨመር አድርጉበት። እርጥብ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ አፉ ውስጥ ሁሉን ለሚከት ልጅም ንጽሕናው አያስተማምንም።

3. ችላ ቢሉት የማይቀየም ተክል ይሁን
ቆስጣና የሐበሻ ጎመን አንደኛ ናቸው፤ ቅጠላቸው እየተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል። ነጭ ሽንኩርት ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ መቅበር ብቻ ነው። በሶብላና ኮሰረት ለሽታቸው ይተከሉ። ቲማቲም ሁሉም ይመኘዋል፤ እኔ ለጀማሪ አልመክረውም። ድጋፍ ይፈልጋል፣ በክረምት ዝናብም ቶሎ ይበላሻል።

ጤና አዳም ከቡና ጋር ብንወደውም ልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ አይተከል፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራል። በግቢያችሁ ጉሎ ካለ ንቀሉት፤ ፍሬው መርዝ ነው። ተባይ ሲመጣ በመድኃኒት ፋንታ ትንሽ ሳሙና በውኃ በጥብጣችሁ ቅጠሉን እጠቡት።

4. መጀመሪያ ለራሳችሁ አድርጉት
ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ቤታችን የንግግር ልምምድ፣ የእጅ ልምምድ፣ የሽንት ቤት ልምምድ ሞልቶበታል፤ ጓሮው ሌላ ልምምድ ከሆነ ትርፉ ድካም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን ለማስተማር አትሞክሩ። ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው፣ እሱ ሳይነሳ ወይም ቁርሱን ሲበላ፣ ውኃ አጠጡ፣ ደረቅ ቅጠል ልቀሙ፣ ዝም ብላችሁም ተቀመጡ። ልጁ መቼ አፉን እንደሚፈታ ቀን ቆርጦ የሚነግራችሁ የለም፤ ቆስጣ ግን በሳምንት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ይህን ቀን ጠብቆ ማየት ልብን ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያየው ያውቀዋል። ከሐኪም ቀጠሮ መልስ ደግሞ አረም መንቀልን የሚያህል የለም፤ ንዴቱም አብሮ ይነቀላል።

5. ልጁ ከመጣ አንድ ሥራ ስጡት
ውኃ ማጠጣት ይበቃዋል። ጆጉን እስከ ግማሽ ሙሉለት፤ ቢደፋውም ጉዳቱ ቀላል ነው። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓትና ቅደም ተከተል ይሁን፦ ጆግ፣ ውኃ፣ እጅ መታጠብ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ብዙ ልጅ ይረጋጋል። እርጥብ አፈር መንካት ከከበደው ማንኪያ ወይም ጓንት ስጡት፤ እጁን ይዛችሁ አታስገድዱ። ችግኝ መንቀል ከወደደ ምንም ያልተተከለበት አፈር በራሱ ዕቃ አድርጉለት፤ ይቆፍር፣ ይገልብጥ። አፈር እየደጋገመ የሚበላ ልጅ የብረት እጥረት ወይም የደም ማነስ ሊኖርበት ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ።

6. ለክፉ ቀን ውኃ አስቀምጡ
ልጁ ታሞ ወይም እንቅልፍ አጥታችሁ ጓሮው የሚረሳበት ሳምንት ይመጣል። የባዶ ሃይላንድ ክዳን በመርፌ ሁለት ሦስት ቦታ ብሱ፣ ውኃ ሙሉና አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አፈሩ ውስጥ ትከሉት፤ ቀስ በቀስ ያጠጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሩዝና አትክልት የታጠበበትን አትድፉ። በረኪና የነካው ግን አይሆንም።

7. ስትቆርጡ ለጎረቤትም ይድረስ
ቆስጣው ከዘራችሁ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል። ከዳር ከዳር ያለውን ቅጠል ቁረጡ፣ መሃል ያሉትን አራት አምስት ለጋ ቅጠሎች ተዉ። «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» እያለች ደረጃ ላይ የምታስቆማችሁ ጎረቤት ካለች አንድ እስር ላኩላት፤ ከተቻለ ልጁ ራሱ ይዞ ይሂድ። በሚቀጥለው ስትገናኙ ስለ ቆስጣው መጠየቋ አይቀርም፤ ዘር ከጠየቀችም ስጧት።