ምስጥን በማሰሮ አጥምዶ ዶሮ መቀለብ

ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኘው ዘንዘልማ አሥራ ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ከማሳዬ ዳር ደግሞ ወገቤ ድረስ የሚደርስ የምስጥ ኩይሳ ቆሟል። የበቆሎ አገዳዬን ስለሚበላብኝ ለዓመታት ስረግመው ኖሬያለሁ። የመኖ ዋጋ ሲያስጨንቀኝ ግን ዞር ብዬ አየሁት፤ ዶሮዎቼ ከእህል ይልቅ የሚሽቀዳደሙበት ምግብ እዚያው ደጄ ላይ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ነፍሳት በዓለም ላይ የ2 ቢሊዮን ያህል ሰው ምግብ እንደሆኑ ገልጿል። በኡጋንዳ ምስጥ ለሰው ተጠብሶ ይቀርባል። እኛ ዘንድ መጥምቁ ዮሐንስ አንበጣና የበረሃ ማር ይበላ እንደነበር እናነባለን እንጂ ነፍሳት ወደ ገበታችን አይቀርቡም። እኔም ብሉ አልልም፤ የምጽፈው ስለ ዶሮ ነው። ጭድ የተጠቀጠቀበት ማሰሮ ኩይሳ ላይ ደፍቶ ምስጥ የማጥመዱ ዘዴ የቡርኪናፋሶና የቶጎ ገበሬዎች ለጫጩት ቀለብ የሚጠቀሙበት የቆየ ጥበብ ነው።

መጀመሪያ ኩይሳው ሕይወት እንዳለው አረጋግጡ። ከጎኑ መዳፍ የሚያህል አፈር አንሡለትና ተመለሱ። በማግሥቱ ቀዳዳው በእርጥብ አፈር ተደፍኖ ካገኛችሁት ምስጦቹ አሉ። ካልተደፈነ ሌላ ፈልጉ።

ኩይሳው የሰው ከሆነ ባለቤቱን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የምስጥ መድኃኒት አፍስሶበት እንደሆነም ጠይቁ። እኔ ፈቃዱን ጠይቄ ይህን ሁለተኛውን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ያመጣኋቸው ምስጦች ሲንቀሳቀሱ ስላየሁ ጤነኛ መሰሉኝ። በማግሥቱ አራት ዶሮዎች ክንፋቸውን ጥለው ሞተው አገኘሁ። ባለ ማሳው ከሳምንት በፊት መድኃኒት ማፍሰሱን የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተዉት፤ በአጠራጣሪ ምስጥ ከተቀለበች ዶሮ የሚገኘውን እንቁላል የሚበሉት ልጆቻችሁ ናቸው።

ማሰሮው የሸክላ ይሁን፤ አፉ ሰፊ ከሆነ የተሰነጠቀም ይሠራል። የፕላስቲክ ባልዲ ሞክሬ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ይግልና ምስጡ ወደ ጉድጓዱ ይሸሻል። ቆርቆሮ ከዚያም ይብሳል። ሸክላ ግን ቅዝቃዜና እርጥበት ይይዛል፤ ምስጥ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሥራው ሁሉ የሚበላሸው ወይም የሚሰምረው በሚጠቀጠቀው ነገር ነው። ደረቅ የበቆሎ አገዳ በጣት ቁመት ከትፉ፤ ጭድና የተፈረፈረ ኩበት ቀላቅሉበት። ከዚያ ውኃ ትረጩበታላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሙከራዬ ውኃውን እንደ ጭቃ አፈሰስኩት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ማሰሮው ሻገተ፣ አንድ ምስጥ እንኳ አልገባበትም። በሁለተኛው ፈርቼ ደረቁን ተውኩት፤ ጭዱ እንደነበረ ተመለሰ። ልኩ እንዲህ ይለካል፦ አንድ እፍኝ አንሥታችሁ በኃይል ጭመቁ። በጣታችሁ መካከል ጠብታ ብቅ ብላ ሳትወርድ ከቀረች በቂ ነው። ውኃ ከተንጠባጠበ ደረቅ ጭድ ጨምሩ። አንድ ሰው የጠላ አተላ ጣል አድርጊበት ብሎ መክሮኝ ነበር። ምስጥ ሳይሆን ጉንዳን ጠራ፤ ጉንዳን የገባበት ማሰሮ ደግሞ ምስጥ አይቀርለትም። ስለዚህ ውኃ ብቻ ይበቃል። ስትጠቀጥቁም አታጥብቁ፤ ምስጡ መተላለፊያ ይፈልጋል፤ ማሰሮው ሲገለበጥ ጭዱ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ ይያዝ።

ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከኩይሳው ግርጌ ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ ከፍታችሁ ማሰሮውን በአፉ ድፉበት። ዙሪያውን ብርሃን እንዳይገባ በእርጥብ አፈር ምረጉ፤ በላዩም ሣር ወይም አሮጌ ጆንያ ጣሉበት። ኩይሳውን ግን ቆፍራችሁ አታፍርሱ። ንግሥቲቱ ከሞተች መንጋው ሊያልቅ ይችላል፤ እናንተም በየሳምንቱ የምታገኙትን በአንድ ቀን ጨረሳችሁት ማለት ነው።

ሁለት ሌሊት አቆዩት። ሦስተኛው ቀን ሳይነጋ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ ሂዱ፤ ፀሐይ ከወጣች ግማሹ ተመልሶ ይወርዳል። ማሰሮውን ፈጥናችሁ አንሡና አፉን በጆንያ ሸፍናችሁ ወደ ቤት ውሰዱ። በተጠረገ መሬት ላይ አራግፉት፤ ዶሮዎቹ የቀረውን ያውቁበታል። ለትንንሽ ጫጩቶች ግን ራሰ ትልልቆቹን ወታደር ምስጦች ለቅማችሁ አውጡላቸው፤ መንጋጋቸው ይነክሳል። ምስጥ ሥጋ ገንቢና ቅባት ያለው ቢሆንም እህሉን አይተካም። ካልሲየሙም አነስተኛ ስለሆነ ለእንቁላል ጣዮች የታመሰ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታችሁ ጨምሩ።

ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ማሰሮ አያስፈልግም። ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ አሸን ይፈላል፤ አሸን ክንፍ ያወጣው ይኸው ምስጥ ነው። ከደጅ መብራት ሥር ውኃ ያለበት ሳፋ አስቀምጡ፤ ብርሃኑን ተከትሎ ይወድቅበታል። ለዶሮ የምታጠምዱበትን መብራት በሰው ቤት መስኮት አጠገብ አታድርጉት፤ ሌላውም ነፍሳት ሁሉ አብሮ ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ ካደረ ስለሚሸት ከመተኛታችሁ በፊት በወንፊት አጥልሉት። የተረፈውን በምጣድ አመስ አድርጋችሁ ክንፉን እንደ ገለባ አበጥሩለት፤ በደንብ ከደረቀ በክዳን ዕቃ ለሳምንታት ይቀመጣል።