ጋላክሲው ሲደምቅ ኮከቦቹ ለምን ያብጣሉ? የማስክ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ ዝናቡ ቶሎ አይለቅም። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ይክሰናል። በወሩ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከጅሬን ኮረብታ ወደ ሰሜን ብታዩ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ፎቶ ማንሳቱ ደስ ይላል። ልብ የሚሰብረው ኮምፒውተር ላይ ስታቀናብሩት ኮከቦቹ ሲበላሹ ነው። እኔ ጊምፕ የተባለውን የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው፤ በነፃ ይገኛል።

ኮከቦቹ አብጠው ነጭ ነጠብጣብ ሆኑ

የጋላክሲው ብርሃን 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ተጉዞ የመጣ ነው፤ በጣም ደብዛዛ ነው። ፎቶው ላይ የተበተኑት ኮከቦች ግን የራሳችን ጋላክሲ ኮከቦች ናቸው፤ ቅርብና ደማቅ ናቸው። ሁሉንም እኩል ስታደምቁ ጋላክሲው ገና ብቅ ሲል ኮከቦቹ ጣሪያ ይነካሉ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው አንድ ላይ ሲሞሉ የኮከቡ ቀለም ይጠፋል።

ቀለም ቀቢ ግድግዳ ሲቀባ የመስኮቱን መስታወት በጋዜጣ ይሸፍናል። ማስክም ሥራው ይኸው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የፎቶውን ቅጂ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩ። ያንን ደግማችሁ ቅዱና ከትልቁ ኮከብ በሰፋ መጠን በጋውሲያን ብለር አደብዝዙት። የደበዘዘውን ከመጀመሪያው በሰብትራክት ቀንሱ። የጋላክሲው ሰፊ ብርሃን ይሄዳል፣ ኮከቦቹ ይቀራሉ። ከዚያ በትሬሽሆልድ የቀረውን ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ ብቻ ማድረግ፣ ቀጥሎ ነጩን በዳይሌት ትንሽ ማስፋት፣ መጨረሻ ላይ ጠርዙን በ2 ወይም 3 ፒክሰል ማለስለስ። ያልደመቀውን ፎቶ ከሥር፣ የደመቀውን ቅጂ ከላይ በሌየር (በንብርብር) አስቀምጡና ይህን የደመቀው ሌየር ላይ እንደ ማስክ ታደርጉታላችሁ።

ጋላክሲው እንዳለ ቀረ፣ ኮከቦቹ ብቻ ደመቁ

ማስኩ ተገልብጧል። ነጭ ያሳልፋል፣ ጥቁር ይከላከላል። አሁን የሠራነው ማስክ ላይ ኮከቦቹ ነጭ ናቸው፤ በኢንቨርት ገልብጡት።

ኮከቡ ዙሪያ ቀለበት ወጣ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ግን ቀለበቱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ብሩህ ከሆነ ማስኩ ጠቦ የኮከቡ ጠርዝ አምልጧል ማለት ነው፤ ከመገልበጣችሁ በፊት በዳይሌት አንድ ጊዜ አስፉት። ጥቁር ከሆነ ማስኩ ከኮከቡ ሰፍቷል፣ በዚያ ክፍተት ከሥር ያለው ጨለማ ሌየር እየታየ ነው። ማስኩን አጥብቡት። ካልበቃ ችግሩ የሁለቱ ሌየር ልዩነት መብዛቱ ነው። እኔ የምመክረው በአንድ ጊዜ ብዙ አለማድመቅ ነው። ጥቂት አድምቁ፣ አዋህዱ፣ አዲስ ማስክ ሥሩና እንደገና ጥቂት። ጊዜ ይፈጃል፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ትልልቆቹና ትንንሾቹ ኮከቦች በአንድ ማስክ አልስማማ ካሉም ለየብቻ ሥሩላቸው።

የጋላክሲው እምብርት ደበዘዘ

ፕሮግራሙ እምብርቱን ኮከብ መስሎት ሸፍኖታል። አጠገቡ ያለችው ትንሿ ኤም 32ም ጋላክሲ ሆና ሳለ ኮከብ ስለምትመስል አብራ ትያዛለች። ማስኩን ከመገልበጣችሁ በፊት ሁለቱን በጥቁር ብሩሽ አጥፏቸው። ይህን ለማሽን አትተዉት፤ ዓይናችሁ ይሻላል።

ማስክ የማያድነው

ገና ያልተነካውን ፎቶ 100 በመቶ አጉልታችሁ እዩ። ኮከቡ እዚያም ላይ ነጭ ብቻ ከሆነ ቀለሙ ካሜራው ላይ ነው የጠፋው። በሚቀጥለው ጊዜ ከረጅሙ ቀረጻ ጋር አጠር ያሉ፣ ለምሳሌ የ10 ሰከንድ ቀረጻዎች ጨምሩና ኮከቦቹን ከእነሱ ውሰዱ። ኮከቡ ዙሪያ ጭጋግ መሳይ ነገር ካለ ደግሞ ሌንሱ ላይ ጤዛ አርፎ ሊሆን ይችላል። በጅማ እርጥብ ሌሊት ይህ ያጋጥማል። በጨርቅ አትጥረጉት። በፓወር ባንክ የሚሠራ የሌንስ ማሞቂያ ቀበቶ ካገኛችሁ ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት እሰሩለት።