የድርጅት ቪዲዮ ከማሠራትዎ በፊት ወጪውን እንዴት ያሰላሉ?

«የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በስንት ይሠራል?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ዋጋው ከደቂቃው ጋር ያለው ግንኙነት ትንሽ ነው። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚናገርበት ሁለት ደቂቃ በግማሽ ቀን ተቀርጾ ያልቃል። አራት ቦታ የሚቀረጽና ተዋናይ ያለበት ሁለት ደቂቃ ግን ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የሚቆጠረው ስንት ሰው ለስንት ቀን እንደሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ቪዲዮውን ማን አይቶት ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ በአንድ መስመር ይጻፉ። ይህ ሳይታወቅ ዋጋ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ስክሪፕት ያዘጋጁ። ጮክ ብለው ያንብቡትና በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። አራት ደቂቃ ከወጣው እዚያው ይቀንሱ። ወረቀት ላይ አንድ አንቀጽ መሰረዝ ምንም አያስወጣም። ያው አንቀጽ ከተቀረጸ በኋላ ሲሰረዝ ግን የሰው፣ የመብራትና የትራንስፖርት ሒሳብ ተከፍሎበታል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ስክሪፕቱን የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ራሱ ያንብበው፣ ይፈርምበትም። ወኪሉ ወይም የማርኬቲንግ ሠራተኛው አይበቃም።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ቪዲዮ ስሠራ የምነጋገረው ከማርኬቲንግ ሠራተኛው ጋር ብቻ ነበር። ስክሪፕቱን ላኩለት፣ በስልክ «አሪፍ ነው፣ ቀጥሉ» አለኝ። ሁለት ቀን ቀረጽን፣ አንድ ሳምንት ኤዲት አደረግን። ሥራ አስኪያጁ ቪዲዮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት አልቆ ነው። ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «ይሄን ማሽን እኮ ልንሸጠው ነው!» አሉ። ማሽኑ ደግሞ ከግማሽ በላይ በሆነው ምስል ውስጥ አለ። ተመልሰን ሄድን። ማሽኑን የሚያስረዳው ባለሙያ በመሃል ጢሙን ተላጭቶ ስለነበር አዲሱ ምስል ከድሮው ጋር አልገጠመም፤ የእሱን ንግግር በሙሉ እንደገና መቅረጽ ነበረብን። ለካሜራማኑ፣ ለድምፅና ለመብራት ባለሙያው የሙሉ ቀን ሒሳብ ድጋሚ ተከፈለ። ግማሹን እኔ ቻልኩት፣ ግማሹን እነሱ። ስክሪፕቱ ላይ አንድ ፊርማ ቢኖር ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከዚያ የቀረጻ ቦታዎችን ይቁጠሩ። በተቀየረ ቁጥር ዕቃ ይነቀላል፣ ይጫናል፣ እንደገና ይተከላል። መብራት አቁሞ ድምፅ ሞክሮ ለመጀመር ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ሊሄድ ይችላል። ሦስት የተለያዩ ሕንፃዎች ካሰቡ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ጥጎች ይፈልጉ። ቦታውን ሲያዩ በርና መስኮት ዘግተው አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ። የፍሪጅ ወይም የጄኔሬተር ድምፅ ከሰሙ ማይኩም ይሰማዋል።

ስለ ዕቃ ከተነሳ፣ ገንዘብ ካጠረ ከካሜራው ይቀንሱ እንጂ ከድምፁ አይቀንሱ። ፎር ኬ የሚባለው የምስል ጥራት ፉል ኤችዲ ከሚባለው አራት እጥፍ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ አለው። ፋይሉ ይከብዳል፣ ኤዲቲንጉንም ያዘገያል። አብዛኛው ተመልካችዎ በስልክ የሚያይ ከሆነ ልዩነቱ ብዙም አይታወቀውም። ደረት ላይ የሚሰካ ጥሩ ማይክ ግን ልዩነቱን ማንም ይሰማዋል። ድሮን ደግሞ ታሪኩ ካልጠየቀው ይቅር፤ ባለሙያም ፈቃድም ይፈልጋል።

ኤዲቲንግ ላይ ሒሳቡን የሚያሳብጠው ማለቂያ የሌለው እርማት ነው። ውሉ ላይ «ሁለት ዙር እርማት» ብለው ቁጥሩን ያስገቡ። አስተያየት ሁሉ ከአንድ ሰው፣ በአንድ ጽሑፍ፣ ከነደቂቃው ይሂድ። «0፡42 ላይ ሎጎው ይነስ» ማለት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። «ትንሽ ደመቅ ይበል» ማለት ግን ኤዲተሩን ቀኑን ሙሉ ሲገምት ያውለዋል።

አኒሜሽን ለብቻው ይተመናል። አንድ ሰከንድ ብዙውን ጊዜ 24 ወይም 25 ፍሬም (ተከታታይ ነጠላ ምስል) ስለሆነ፣ ሃያ ሰከንድ ሲባል እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሙዚቃ ሲገዙ ፈቃዱ የት የት እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ ለራስዎ ገጽ የተፈቀደው ለሚከፈልበት ማስታወቂያ ላይፈቀድ ይችላል። ለስልክ የሚሆን የቁም ቪዲዮም ከፈለጉ ከቀረጻ በፊት ይናገሩ። በአግድም ብቻ ታስቦ የተቀረጸ ምስል ሲቆረጥ ጎንና ጎን የቆሙ ሰዎች ከፍሬሙ ይወጣሉ።

አሁን ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። ለሁሉም ያንኑ የተፈረመበትን ስክሪፕት ይላኩ፣ ካልሆነ ዋጋዎቹ አይነጻጸሩም። በጥቅሉ አንድ ቁጥር ብቻ የጻፈልዎትን የቀረጻ ቀኑን፣ የሰውን ብዛትና የእርማት ዙሩን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ይጠይቁት። ከጠቅላላው 10 በመቶ ያህል ለመጠባበቂያ ይያዙ። ጥሬ ቀረጻው የማን እንደሚሆንና ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥም ከመፈረምዎ በፊት ያስጽፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቪዲዮ ሲያሠሩ ከዚያ ውስጥ የሚወሰድ ምስል ካለ አንድ የቀረጻ ቀን ሊያተርፍልዎ ይችላል።