60 ተማሪ፣ አንድ ፊሽካ፦ በሁለተኛ ደረጃ የስፖርት ትምህርት የተማሪን ለውጥ እንዴት እንመዝን?

የስፖርት ማርክ በብዙ ትምህርት ቤት የሚሰጥበት መንገድ የታወቀ ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ተማሪው ይሰለፋል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ቀድሞ የገባው ብዙ ማርክ ያገኛል። ድሮም ሯጭ የነበረው ልጅ 95 ይዞ ይሄዳል። መስከረም ላይ ሁለት ዙር ሮጦ ቁጭ ይል የነበረውና አሁን ስድስት ዙር የሚዞረው ግን 60 ይሰጠዋል። የተማረው እኮ እሱ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ አንድ ሜዳ፣ ሁለት ሦስት ኳስና የታጨቀ ክፍል ላለው የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሚሆን ነው።

1. ማርኩን ቀድማችሁ ከፋፍሉ

በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደምትመዝኑ ጻፉና ለተማሪዎቹ ንገሯቸው። ለምሳሌ ክህሎት 40፣ በአካል ብቃት ያሳዩት ለውጥ 25፣ የጽሑፍ ፈተና 20፣ የጤና ማስታወሻ 15። ትምህርት ቤታችሁ የራሱ ክፍፍል ካለው በዚያው ሂዱ።

ቱታ ላይ ማርክ አታስቀምጡ። ቱታና ሸራ ጫማ የወላጅ ኪስ ጉዳይ ነው፤ ተማሪው ምን እንደተማረ አይናገርም።

2. መነሻውን ያዙ

መነሻ ከሌለ ለውጥ የሚባል ነገር የለም። ቀላሉ መለኪያ የ12 ደቂቃ ሩጫ ነው። ኬኔት ኩፐር የተባለ ሐኪም ለአሜሪካ አየር ኃይል ያወጣው፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የታተመ ዘዴ ነው። የሚፈልገው ሰዓትና ሜዳ ብቻ ነው። በገመድ ለክታችሁ 60 በ40 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ምልክት አድርጉ፤ ዙሪያው 200 ሜትር ይሆናል። ግማሹ ክፍል ይሩጥ፣ ግማሹ የጓደኛውን ዙር ይቁጠር። ፊሽካው ሲነፋ ሯጩ ወዲያው የልብ ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛ።

የልብ ምቱ ለምን አስፈለገ? ተማሪ ብልጥ ነው። ማርኩ በለውጥ እንደሚሰጥ ከሰማ «አሁን እየተዝናናሁ ልሩጥ፣ በኋላ እሻሻላለሁ» ይላል። ከልቡ የሮጠ ልጅ ምቱ ብዙውን ጊዜ ከ160 ያልፋል። 110 ብሎ የመጣውን ሌላ ቀን ድገሙለት።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን «በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ሜትር» የሚል ሰንጠረዥ ተዉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 በላይ። አየሩ ስስ በሆነበት የተሮጠን ርቀት ቆላ ላይ ከተሮጠ ጋር ማወዳደር ልጁን መበደል ነው። ተማሪው የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው።

ከሩጫው በፊት አስም፣ የልብ ችግር ወይም ጉዳት ያለበትን ለብቻ ጠይቁ። ሴት ተማሪ «ዛሬ አልችልም» ካለች በቂ ነው፤ ሰው ፊት ምክንያት አታስቆጥሯት። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ይህን ፈተና አታድርጉ፤ በባዶ ሆድና በውሃ ጥም የተገኘ ቁጥር የሚነግራችሁ ነገር የለም። የተማሪን የሰውነት ክብደት ሰልፍ ላይ መመዘንማ ፈጽሞ አይሞከርም።

3. ክህሎቱን በዓይን በሚታይ ነገር ከፋፍሉ

«ሰርቭ ይችላል» ብሎ መጻፍ ምዘና አይደለም። መረብ ኳስ ላይ ከታች የሚመታውን ሰርቭ እንውሰድ። በቀኙ የሚመታ ተማሪ ላይ የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

- ግራ እግሩ ከፊት ነው
- ኳሷን ከመምታቱ በፊት ከያዘበት እጅ ይለቃታል
- የሚመታው ክንድ ከኋላ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይመጣል
- ሲመታ ክብደቱ ወደ ፊተኛው እግር ያልፋል

አምስት ጊዜ ሰርቭ ያድርግ። አንዱን ነገር አራቴ ወይም አምስቴ ካሳየ 2፣ አንዳንዴ ካሳየ 1፣ ገና ከሆነ 0 ጻፉ። ኳሷ መረቡን አለፈች አላለፈችም ሌላ ጉዳይ ነው። ጉልበት ያለው ልጅ በተበላሸ አመታትም ያሳልፋታል። አቅሙ ያነሰውን ከመጨረሻው መስመር ማለትም ከ9 ሜትር ሳይሆን ከ6 ሜትር አስጀምሩት።

4. ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት አትሞክሩ

ብዙ መምህር የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። 40 ደቂቃ ውስጥ ሰልፉና ማሟሟቂያው ተቀንሶ 25 ደቂቃ ቢቀር ነው። በዚያ ውስጥ 60 ልጅ ማየት አይቻልም፤ አየሁ የሚል ካለ ማርኩን ከሮስተሩ ላይ በግምት ሞልቶታል። በአንድ ክፍለ ጊዜ 12 ተማሪ ብቻ ምረጡ። ሌላው በቡድን ይለማመድ፣ እናንተ የ12ቱን ስም የያዘች አንድ ወረቀት ይዛችሁ በመሀላቸው ዙሩ። በአምስት ክፍለ ጊዜ ክፍሉ ያልቃል። የፈተና ቀን የሚባል ጭንቀትም ይቀራል።

ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በዚያው ዝርዝር እንዲተያዩ ማድረግ በጣም ጥሩ ነው። «ክንድህ ታጠፈ እኮ» የሚለው ጓደኛው ሲሆን ቶሎ ይገባዋል። ማርክ ግን በዚህ አትስጡ፤ ለጓደኛው ከሙሉ በታች የሚሰጥ ልጅ አላየሁም።

5. የጤና ማስታወሻው

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። ተማሪዎቹ ለሦስት ሳምንት እንቅስቃሴያቸውንና እንቅልፋቸውን በደብተር ይያዙ። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤት ቤት ድረስ በእግር 35 ደቂቃ። ውሃ ቀዳሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኛሁ፣ ሒሳብ ፈተና ነበረን።» ፈጠን ብሎ መሄድም ጀሪካን መሸከምም ይቆጠራል። ይህን ሲሰሙ የሚደሰቱ ብዙ ልጆች አሉ።

ማርኩ የሚሰጠው መዝግቦ ስለያዘና ከመዝገቡ አንድ የሚለውጠው ነገር ስለመረጠ ነው። ትንሽ ስለተኛ ወይም ስለከፋው አይቀነስበትም፤ ያኔ መዋሸት ይጀምራል። የሚያሳስብ ነገር ካነበባችሁ ለብቻ አነጋግሩት፣ የምክር አገልግሎት ካለ ከዚያ ጋር አገናኙት።

6. እንደገና ለኩ፣ ግን ፐርሰንት አያታልላችሁ

ከስምንት እስከ አስር ሳምንት በኋላ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት። አንዷ ከ1,400 ወደ 1,700 ሜትር ደረሰች እንበል፤ 21 ፐርሰንት ገደማ ነው። ሌላው ከ2,600 ወደ 2,650፤ 2 ፐርሰንት አይሞላም። እሱ ሰንፏል ማለት ግን አይደለም፤ ጫፍ ላይ ያለ ሰው የሚጨምረው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ሩጫ በኋላ እያንዳንዱ ከእናንተ ጋር ግብ ያስቀምጥ፣ የምትመዝኑት ወደ ግቡ ምን ያህል እንደቀረበ ነው። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ወይም ሩጫ ለተከለከለ ተማሪም ይኸው ይሠራል፤ ግቡ ብቻ ይለያያል።

7. ውጤቱን ተናገሩ፣ ለራሳችሁም አንብቡት

«ጎበዝ፣ በርታ» ለማንም አይጠቅምም። «ክንድህ ተስተካክሏል፤ ክብደትህ ግን ኋላ ቀርቷል፣ ስትመታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ግባ» በሉት።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ታች እየወረዳችሁ አንዱን ዓምድ ብቻ እዩ። ከ60ው 40ው «ክብደት» ላይ 0 ካገኙ ያልሠራው ማስተማሪያችሁ ነው። ማርኩን ሮስተር ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ሁለት ክፍለ ጊዜ ስጡትና እንደገና እዩአቸው።